የፍልሰታ ዶሮ

«ግዝቱን በዶሮ አፈረሰችው» አለች ብርቱካን እየሳቀች።

ሐረገ ወይን ይህን የሰማችው የሱቋን የቆርቆሮ በር ገርበብ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ሌሊት የገባውን የዝናብ ውኃ በመጥረጊያ ወደ ውጭ እየገፋች ሳለ ነው። ድምፁ የመጣው ከመንገዱ ማዶ፣ ከባሏ ታላቅ ወንድም ከጥላዬ ሱቅ ደጃፍ ነበር። ብርቱካን የጥላዬ ሚስት ናት። ለማን እንደምታወራ አልታየም፤ ለማንም ታውራ ግን ድምጿን ዝቅ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘችውም። ሐረገ ወይን ቀና ስትል በጥላዬ ሱቅ መስታወት ላይ ትናንት ያልነበረ ካርቶን ተለጥፎ አየች። «የእጅ ጌም 1,700 ብር ብቻ» ይላል፣ በቀይ ማርከር። ከካርቶኑ ሥር ጃንጥላ የያዙ እናቶችና የእናቶቻቸውን ነጠላ የሚጎትቱ ልጆች ተኮልኩለዋል። ገና ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም።

ትናንት ማታ ሱቅ ሲዘጋ በመካነ ኢየሱስ ከተማ የአንድ የእጅ ጌም ዋጋ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ነበር። በጥላዬ ሱቅም፣ ከመናኸሪያው ጎን ባለው በእሸቱ ሱቅም፣ በእሷም ሱቅ ያው ነው። ክረምቱን ልጆች ቤት ውለዋል፤ የስልክ ዳታ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ስለዚህ ይህች መዳፍ የምታህል፣ አራት መቶ ጨዋታ በሆዷ የያዘች፣ በስልክ ቻርጀር የምትሞላ ዕቃ የልጅ ማባበያ ሆና ከረመች። ሦስቱ ነጋዴዎች ግንቦት ላይ እርስ በርስ ዋጋ እየሰበሩ ሊጠፋፉ ሲሉ፣ «እንስማማ» ብሎ የተነሣው ራሱ ጥላዬ ነው። የሦስቱንም የንስሐ አባት መምሬ ይግዛውን ቤቱ ጠርቶ፣ ከሁለት ሺህ አራት መቶ በታች የሸጠ በማርያም የተገዘተ ይሁን አስባለ። አንዱ ካፈረሰ ሌሎቹ ነጻ ናቸው ተባለ። ሦስቱም አሜን አሉ። ሐረገ ወይን ግን አሜን ያለችው ከልቧ ነው። አባቷ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ቄስ ናቸው፤ በግዝት ምክንያት አንድ ግቢ የሚኖሩ ወንድማማቾች ሳይነጋገሩ አርጅተው ሳይነጋገሩ ሲቀበሩ አይታ ነው ያደገችው። ለእሷ ግዝት የነጋዴ ዘዴ አይደለም።

ይህን ግዝት ስትጠብቅ ስንቱን ገዢ በባዶ እጁ እንደሸኘችው እሷ ታውቃለች። የእናቷን የመሬት ድርሻ አከራይታ ያገኘችውን ገንዘብ በሙሉ ያፈሰሰችው በእነዚህ ጌሞች ላይ ነው። ሃያ ስድስቱ አሁንም መደርደሪያው ላይ ናቸው። ባሕር ዳር ሄዳ፣ መንገድ ተዘግቶባት ሁለት ቀን ደብረ ታቦር አድራ፣ አንዱን በአንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ብር አምጥታቸዋለች። ለመስከረም አከራዩ የዓመቱን ኪራይ በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጌሞቹ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ካልተሸጡ ሱቁን ትለቃለች። ክፍሏን የሚጠብቀውም ሩቅ አይደለም። ጥላዬ ለመጋዘን እፈልገዋለሁ ብሎ አከራዩን አንዴ አይደለም ሁለቴ አነጋግሯል፣ ያውም እሷ በምትሰማበት።

ዶሮ የሚለውን ቃል ስትሰማ ግን ወዲያው ገባት። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት የስማዳ ሴት መጥታ ነበር፤ የሺ ትባላለች። ልጇ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ፣ ወጌሻው እስኪጠገን ንቅንቅ እንዳይል አዝዞታል፤ ልጁን አልጋው ላይ የሚያቆይላት ነገር ፍለጋ ነው የመጣችው። ከመቀነቷ ፈትታ ያወጣችው አንድ ሺህ ሰባት መቶ ብር ነው። ሐረገ ወይን አይሆንም አለቻት፤ በግዝት መያዟንም ነገረቻት። ሴትዮዋ ወጥታ ሄዳ፣ ከአፍታ በኋላ ቀይ ቄብ ዶሮ በክንዷ ሥር ሸጉጣ ተመለሰች። ለዘመድ ያመጣኋት ነበረች አለች። ሐረገ ወይን ዶሮዋን አገላብጣ አየቻት። ባለፈው እንቁጣጣሽ የዚህችኑ ዓይነት በሰባት መቶ ብር የገዛችው ተለማምጣ ነው። እንቁጣጣሽ ደግሞ አራት ሳምንት ነው የቀረው። ደመረችው፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሞላ፤ ግዝቱም አልተነካም፣ ልጁም አላለቀሰም። ጌሟን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠቻት፤ ዶሮዋን ከሱቁ ጀርባ አሰረቻት። ማታ ለባሏ ለእንድርያስ በደስታ ነገረችው። እሱም «እህ» ብሎ ሽሮውን በላና እጁን ታጥቦ ወንድሙ ዘንድ ደርሶ ለመመለስ ወጣ። ከእሱ በቀር የዶሮዋን ነገር ለማንም አልተናገረችም።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መንገዱን ተሻገረች። ብርቱካን ስታያት ፊቷን ወደ ዕቃው አዞረች። ጥላዬ ግን ከባንኮኒው ጀርባ ተነሥቶ፣ ሲጠብቃት እንደቆየ ሰው፣ «ግቢ ሐረግ፣ ወደ ውስጥ ዝለቂ፤ አባም አሉ» አላት። አባም አሉ። እሷ ገና በሯን ሳትከፍት ሸንጎው ተቀምጧል ማለት ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለው የጥላዬ ሳሎን ፕላስቲኩ ያልተገፈፈለት ቡናማ ሶፋ፣ ዳንቴል የለበሰ ፍሪጅ፣ መብራት ጠፍቶ እንደ ጥቁር ሰሌዳ የተገተረ ትልቅ ቴሌቪዥን አለው። ከመጋረጃው ጀርባ ካርቶን እስከ ኮርኒሱ ተደርድሯል፤ የካርቶኖቹን መልክ ታውቀዋለች፣ የጌም ናቸው። መምሬ ይግዛው መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እሸቱ አጠገባቸው ስልኩን ያገላብጣል። ከሁሉም ጥግ፣ በር ሥር ባለው ዱካ ላይ፣ «አይሱዙዋን ልፈትሽ» ብሎ ጎሕ ሳይቀድ ከቤት የወጣው እንድርያስ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አላያትም።

መስቀል ተሳለመች፤ ተቀመጪ አሏት፤ ተቀመጠች። ከዚያ ስለ ዝናቡ ተወራ። ዘንድሮ ለገብሱ በዛበት ተባለ። የወገዳው መንገድ ድልድዩ አጠገብ መኪና እየዋጠ ነው ተባለ። ጤፍ ስንት ገባ ተባለ፤ እሸቱ ነገረ፤ መምሬ ይግዛው «ኧረ እግዚኦ» አሉ። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጆሮዋ ግን ውጭ ነው፤ ብርቱካን «ቀዩ አልቋል፣ ሰማያዊው ይሁንልሽ?» ስትል ይሰማታል። እነዚህ ሰዎች ስለ ጤፍ ሲያወሩ አንድ ጌም ይሸጣል። ስለ ድልድዩ ሲያወሩ ሌላ ይሸጣል። የተረገመ ጨዋነት።

«ልጄ፣ ትናንት ጌም ሸጠሻል አሉ» አሉ መምሬ ይግዛው በመጨረሻ።

«ሸጫለሁ አባ። በሁለት ሺህ አራት መቶ።»

«ሁሉንም በብር ተቀበልሽ?»

«አንድ ሺህ ሰባት መቶውን በብር፣ ሰባት መቶውን በዶሮ ነው አባ።»

ጥላዬ እንደሚያዝን ሰው ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ምንም አላልሁም። ግን ዶሮ በፍልሰታ ሰባት መቶ ብር ያወጣል? ማን ይበላዋል? ግዝት ነውና ፈራሁ፤ እርስዎ ይዩት ብዬ ነው ያስጠራሁዎት።»

«እርሳቸው ሳያዩት ዋጋው እንዴት ተለጠፈ ጋሼ?» አለች ሐረገ ወይን።

«የገበያ ቀን ነው እኮ። ገበያው ቆሞ አይጠብቀኝም።»

መምሬ ይግዛው ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ቶሎ ይቆርጣል። እሳቸው ግን ጥላዬ ባለፈው ዓመት ለደብሩ በገዛው ድምፅ ማጉያ በየበዓሉ የሚናገሩ፣ ከሱም ቤት ዝክር የማይቀሩ ሰው ናቸው፤ ሁለቱንም ወገን ሳያስቀይሙ የሚወጡበት ቀዳዳ ሲፈልጉ ጺማቸውን ያሻሉ። አሹ፣ አሹና ቀዳዳውን አገኙት። «እኔ የዶሮ ዋጋ አላውቅም። ገበያው ይፍረድ። ዶሮዋን ይዘሽ ዶሮ ተራ ቁሚ፤ ከተጠራው ሁሉ የበለጠው ዋጋዋ ነው። እሸቱ አብሮሽ ሄዶ ይስማ። ቅዳሴ ሳይገባ ተመለሱ።» ሐረገ ወይን ወደ ዱካው ዞር አለች። አንድ ቃል ነበር የጠበቀችው። ሚስቴ ዶሮ ታቅፋ ገበያ አትቆምም፣ ይበል። ወይም ከፈለጉ እኔ ልያዛት፣ ይበል። እንድርያስ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ እንደገና አሰረ።

ዶሮ ተራ የገበያው መጨረሻ፣ ከእህል በረንዳው በታች፣ ውኃ የሚቆምበት ቦታ ነው። ሐረገ ወይን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዶሮዋን ታቅፋ፣ ጭቃ ውስጥ ቆመች። እሸቱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ በራሱ ጃንጥላ ተጠለለ። ትናንት የስልክ ሽፋን የሸጠችላቸው የጤና ጣቢያ ሠራተኛ አይተዋት «ውይ፣ ሱቁን ተውሽው እንዴ?» ብለው አለፉ። የመጀመሪያው ሰውዬ የዶሮዋን ደረት ጨመቀ፣ ክንፏን ገልጦ አየ፣ አራት መቶ አለ። በጾም ማን ይበላታል፣ እኔም እስክትፈሰክ ልቀልባት ነው አለ። ሁለተኛዋ ሴት አራት መቶ ሃምሳ ብላ ለመሄድ ቸኮለች። ሌላው ሳይነካት ሳቀ። ሐረገ ወይን በሳቁት ሁሉ ፊት ዶሮዋን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው እያዛወረች አንድ ነገር ብቻ ታስባለች፤ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ፍልሰታ መሆኑን ያውቃሉ፣ እሷም የቄስ ልጅ ሆና ታውቃለች፣ ትናንት ግን የተሰበረ እግር ስትሰማ ጾሙ ከሐሳቧ ወጥቶ እንቁጣጣሽ ብቻ ታያት። ስህተቷ ይኸው ነው። ለዚህች ስህተት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንድትቆም ማድረግ ግን ግፍ ነው። ለባሕር ዳር ዶሮ የሚጭነው ነጋዴ ቅርጫቱን አስቀምጦ መጣና አምስት መቶ ሃያ አለ። ከዚያ በላይ የጠራ የለም። እሸቱ «እንሂድ በቃ» አለ። ደስ ያለው ይመስላል።

ሊወጡ ሲሉ አንዲት ሴት ከሽንብራ ማዳበሪያ ላይ ብድግ ብላ ጠራቻት። የሺ ናት። መኪና አጥታ ዘመዶቿ ዘንድ አድራለች። ዶሮዋን ስታይ ደነገጠች። «ምነው እኅቴ፣ ዶሮዋ ታመመችብሽ? ደኅና ነበረች እኮ።»

«አልታመመችም። ሰባት መቶ ብር አታወጣም ተብዬ ነው።»

የሺ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔ ነኛ ያስቸገርሁሽ። ቀድሞም እኔ አንች ዘንድ ለመምጣት አላሰብሁም ነበር። እዚያው እኛ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ነው አሉ። ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት ገዝታ አየሁና ያችኑ ያህል ቋጥሬ ሄድሁ። አለቀ አሉኝ። መካነ ኢየሱስ ባለቤቱ ዘንድ ሂጅ፣ ጥላዬ የሚሉት፣ እሱ ነው የሚልክልን አሉኝ። የሱን ሱቅ ተዘግቶ ባገኘው ነው ወዳንች የተሻገርሁት።»

ሐረገ ወይን ቁጥሩን በልቧ ደገመችው። ዶሮዋ በክንዷ ሥር ስትንፈራገጥ እንኳ አልተሰማትም። አንድ ሺህ ሰባት መቶ። ሴትዮዋ ያን ያህል ብቻ የያዘችው ደኻ ስለሆነች መስሏት አዝናላት ነበር። ዋጋው እሱ ስለሆነ ነው የያዘችው። ጥላዬ ግዝቱን ወገዳ ላይ ከሰበረው ሳምንት አልፎታል፤ እዚህ ግን እሷን ታስሮ እንደ ቆመ በሬ አቁሟት፣ እሷ እስክታፈርስለት ነው የጠበቀው። ወደ እሸቱ ዞረች። «ሰማህ?» አለችው። እሸቱ «ሰማሁ» አለ፣ ዓይኑን ወደ እህል በረንዳው መልሶ። የሺን አብረሽኝ ነይ ብላ ለመነቻት። የሺ ፈራች። መኪናው ሊነሣ ነው፣ ልጄ ብቻውን ነው፣ የቄስ ነገር አልችልም አለች። ማን ይፈርድባታል።

ሲመለሱ በእሸቱ ሱቅ አጠገብ አለፉ። የእሸቱ እኅት በሩ ላይ ወንበር ወጥታ «1,750» የሚል ወረቀት ትለጥፋለች። እሸቱ አላየሁም ለማለት ያህል ጃንጥላውን ወደዚያ በኩል አዘነበለ።

ሳሎኑ እንደተዉት ነው። መምሬ ይግዛው ለመነሣት ጃንጥላቸውን ይዘዋል። እሸቱ አምስት መቶ ሃያ ብሎ ተናገረ፣ አጥርቶ፣ በደንብ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ ሐረገ ወይን የየሺን ነገር ተናገረችና «እሸቱም ሰምቷል» አለች። ሁሉም እሸቱን ተመለከቱት። እሸቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ገበያው ጫጫታ ነው። ሴትዮዋ አንድ ነገር ትላለች፣ እኔ ግን አጥርቼ አልሰማሁም» አለ።

ሐረገ ወይን ቆማለች። ዶሮዋም በእጇ ናት። እሷ ያልጠበቀችው ነገር ጥላዬ መካድ እንኳ አለመፈለጉ ነው። እግሩን አነባብሮ፣ «ወገዳ ልኬ ከሆነስ?» አለ። «ግዝቱ የተባለው እዚህ፣ በኛ ከተማ፣ በሦስታችን ሱቅ ነው። ስማዳ ሌላ ወረዳ ነው። አይደለም አባ?» መምሬ ይግዛው ጺማቸውን አሹ። ማርያምን ወረዳ የሚከፍላት ይመስል አሰቡበት። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ሰማይ ቀና ብለው ሰዓቱን የሚያዩ መሰሉና፣ ይህ ከባድ ነገር ነው፣ በጾም መካከል በእንዲህ ያለ ነገር መካሰስም ደግ አይደለም፣ ፍልሰታ ትውጣና ሦስታችሁም ባላችሁበት እናየዋለን አሉ። ፍልሰታ ስትወጣ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ካርቶን አይቀርም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ።

«አባ፣ እስከዚያ እሱ በአንድ ሺህ ሰባት መቶ ይሸጣል?» አለች።

«ገበያው ዶሮዋን አምስት መቶ ሃያ ካለ እንግዲህ… በአንቺ በኩል ግዝቱ ፈርሷል ልጄ።»

«ወገዳ ማን ጫነልህ?» አለች ሐረገ ወይን ወደ ጥላዬ ዞራ። አሥር ዓመት ሙሉ እርስዎ ስትለው የኖረችውን ሰው አንተ አለችው፤ ብርቱካን ከመጋረጃው ብቅ ብላ ቆመች። ጥላዬ ያነባበረውን እግሩን አወረደ። ቀስ ብሎ ወደ በሩ፣ ወደ ዱካው ተመለከተ። እሸቱም ወደዚያው ተመለከተ። መምሬ ይግዛው ግን ወለሉን ነው ያዩት፤ እሳቸውም ያውቃሉ ማለት ነው። ሐረገ ወይን መጨረሻ ላይ ዞራ ባሏን አየችው። ባለፈው ሳምንት ማዳበሪያ ጭኜ ወገዳ እሄዳለሁ ብሏት፣ ስንቅ ቋጥራለት፣ መንገዱ ክፉ ነው ብላ እስኪመለስ ድረስ ስትጸልይለት ሰንብታለች። የጸለየችላት አይሱዙ የጫነችው ማዳበሪያ አይደለም። እንድርያስ አፉን ከፈተ፣ ወንድሙን አየ፣ መልሶ ዘጋው። ሐረገ ወይን ዶሮዋን ታቅፋ ወጣች።

ሱቋ ስትገባ መምህር ጥጋቡ ቆመው ይጠብቋታል። ከሁለት ሳምንት በፊት ለሴት ልጃቸው ጌም የገዙት ከእሷ ነው፣ በግዝቱ ዋጋ። አልተቆጧትም። ጌሟን ከኪሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው፣ ማዶ ያለውን ካርቶን አይተው፣ እሷን አይተው፣ «እኔ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነኝ ሐረገ ወይን» አሉ።  በግዝት ነው የሸጥሁልዎ ብትል ማን ያምናታል፤ ዛሬ በከተማው ግዝት አፍራሽ የምትባለው እሷ ናት። መምህሩ ጌሟን መልሰው ኪሳቸው ከተው ወጡ። ከዚህ በኋላ ባትሪ እንኳ ከእሷ እንደማይገዙ ከአካሄዳቸው ታወቃት።

እንድርያስ ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ከትከሻው ላይ ዝናብ ይንጠባጠባል። «ምን ላድርግ» አለ፣ «ታላቄ ነው። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ጫን ሲለኝ እንቢ ልበለው?»

«ስለ ዶሮዋስ ንገረኝ አለህ?»

«ስናወራ አመለጠኝ።»

ሐረገ ወይን አየችው። ሰካራም አይደለም፣ አይማታም፣ ያገኘውን ያመጣል፤ ሰው ሁሉ ደግ ባል አለሽ ይላታል። ደግነቱ መንገዱን እስኪሻገር ድረስ ብቻ መሆኑን ግን ማን አየላት። ዶሮዋን አንሥታ ሰጠችው። «ያዛት» አለችው። «ሂድና ወንድምህ ደጃፍ ላይ ቁም። ውስጥ አትግባ። ገዢው ሁሉ በሚሰማበት፣ ወገዳ ያደረስሁልህ እኔ ነኝ፣ ቀድሞ ያፈረሰው እሱ ነው፣ ሚስቴ አይደለችም በል። ካርቶኑን ይቀድደው አላልሁም። ስሜን መልስልኝ ነው ያልሁህ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እንድርያስ ዶሮዋን ተቀበለ። እንደሚሄድ አላመነችም ነበር፤ ሄደ። ጭቃውን እየመረጠ መንገዱን ተሻገረ። ሐረገ ወይን ባንኮኒውን በሁለት እጇ ይዛ ተከተለችው፣ በዓይኗ።  የሰዉ ወረፋ ገለል ብሎ አሳለፈው። ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ጥላዬም ወጣ። የእንድርያስ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች፤ ሁለት ቃል፣ ቢበዛ ሦስት። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየውም፤ ለገዢው የሚሰማ ነገር አልተናገረም ማለት ነው። ጥላዬ ሳቀ። ዶሮዋን ከእጁ ተቀብሎ ለብርቱካን አቀበላት። ብርቱካን ደረቷን ጨመቀች። ጥላዬ የወንድሙን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገና፣ ከመናኸሪያው ጋሪ አሁን የወረደ፣ ዝናብ ሊበላው የደረሰ አንድ ካርቶን በእጁ አመለከተው። እንድርያስ ወደ ሱቋ ሳይዞር ጎንበስ አለና ካርቶኑን ትከሻው ላይ አወጣ።

ሐረገ ወይን አላለቀሰችም። አለማልቀሷ ራሷንም ገረማት። ከባንኮኒው ሥር የጌም ካርቶን ክዳን አውጥታ ገነጠለች፤ ዋጋ መጻፊያዋን ማርከር አነሣች፤ ቀድሞ ያፈረሰው ጥላዬ ነውና ግዝቱ ከእንግዲህ አይዛትም። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ የገዛችበት ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ከእናቷ መሬት የሚቆረስ ነው። ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሃያ ስድስቱም ዛሬ ቢሸጡ የዓመቱ ኪራይ አይሞላም፤ መስከረም ሲጠባ ይህ በር ለሷ አይከፈትም። እንግዲያው ይዘጋ። ግን በሷ እጅ ይዘጋል፤ ማዶ የተደረደረው ካርቶንም ዛሬ እዚያው ይደር። «1,500» ብላ ጻፈች፣ በትልቁ። ወንበር ላይ ወጥታ በሩ አናት ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሁሉ በሚያየው ቦታ ሰቀለችው።

መጀመሪያ ያየችው ከወረፋው ጫፍ የቆመች አንዲት ትንሽ ልጅ ናት። የእናቷን ነጠላ ጎተተች። እናቲቱ አነበበች፣ ብሯን በጡጫዋ እንደያዘች ተሻገረች። ከኋላዋ ሁለት ተሻገሩ። ከዚያ ወረፋው እንዳለ ተገነደሰ፤ ትናንትም ዛሬም ማን ግዝት አፈረሰ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ አሁንም የጠየቀ የለም። ሁለት መቶ ብር ለሰዉ በቂ ምክንያት ነው። አንዷ ገዢ «ዕቃው ደኅና ነው?» አለቻት። «ማዶ ካለው ጋር አንድ ነው» አለች ሐረገ ወይን፣ ቻርጀሩን አያይዛ እየጠቀለለች። ጥላዬ ደጃፉ ላይ ወጥቶ «ሐረግ! አብደሻል?» ብሎ ሲጮህ ሰማችው። ሌላ አንድ ሸጠች። ቀዩንም ሰማያዊውንም ሸጠች።

እንድርያስ ከወንድሙ ሱቅ በር ሊገባ ሲል ከሚወጣው ሰው ጋር ተጋፍቶ መንገዱ መካከል ቀርቷል። ካርቶኑ ትከሻው ላይ ነው። ወደዚያ ሊሄድ ቢል ወንድሙ «አሁን እሱን ተወውና ሚስትህን ተናገራት» እያለ ይጮህበታል፤ ወደዚህ ሊመጣ ቢል ከእሱ ጋር የሚሻገረው ሁሉ ይቀድመዋል። ዝናቡ በርትቶ የካርቶኑ ታች መላላት ጀምሯል። በመጨረሻ ወደ በሯ ተጠግቶ፣ ከገዢዎቹ ራስ በላይ፣ ማታ ቤት በሚጠይቃት ዓይነት ድምፅ ጠየቃት።

«ይህን የት ላውርደው?»

ሐረገ ወይን ለምትከፍለው ሴት መልሱን ሰጥታ ጨረሰች። ከዚያ ቀና አለች።

«ካነሣህበት» አለችው፣ ቀጣዩንም ገዢ ጠራች።